ማመልከቻው ላይ «እኛ» አትበይ

ባለፈው ወር እትም መጨረሻ ላይ በግብርናና በምግብ ሥራ ላሉ አፍሪካውያን ሴቶች ስለሚሰጡ የአመራር ፌሎሺፖች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ። ደብዳቤው ግን በኢሜይልም በቴሌግራምም ጎረፈ። ሁሉንም ማተም አይቻልም፤ አምስቱን መርጫለሁ። ስማችሁንና የመሥሪያ ቤታችሁን ስም አውጥቻለሁ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬአለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ካልሆነ እነግራችኋለሁ።

«እኔ የማንም አለቃ አይደለሁም»

*እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 31 ነው። በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል ረዳት ተመራማሪ ነኝ፣ በፕላንት ብሪዲንግ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። የፌሎሺፑን ቅጽ ከፈትኩትና መልሼ ዘጋሁት። «የመሪነት ልምድሽን ግለጪ» ይላል። እኔ የማንም አለቃ አይደለሁም። የቡድን መሪ እንኳ ሆኜ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ያደረግኩት ነገር ቢኖር በማሽላ ሙከራ ማሳችን ላይ ዝርያ እንዲመርጡ ከተጠሩት 24 ገበሬዎች ሴቶቹ ሁለት ብቻ መሆናቸው ከንክኖኝ አለቃዬን ጨቅጭቄ ሴቶቹ ለብቻቸው በሌላ ቀን እንዲጠሩ ማድረጌ ነው። ይሄ ደግሞ መሪነት አይባልም። ባለቤቴም «ልጅቷን ለማን ጥለሽ ነው?» ይላል። ምን ትመክሪኛለሽ?*

ቅጹን መልሰሽ ክፈቺው፣ እህቴ።

«ይሄ ደግሞ መሪነት አይባልም» ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልንገርሽ፣ እነሱ የሚፈልጉት እሱኑ ነው። ቅጹ ላይ «ስንት ሠራተኛ በሥርሽ አለ?» ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። የሚጠይቁሽ አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ አይተሽ፣ ሥልጣን ሳይኖርሽ፣ እንዴት እንዳስቀየርሽው ነው። አንቺ እኮ መልሱን ለኔ ጽፈሽልኛል፤ ለእነሱ ግን ልትደብቂው ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ? ደብዳቤሽ ላይ የለም፤ እኔ ግን መገመት አያቅተኝም። በማሽላ መረጣ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ወንዶቹ ዘለላውን ያያሉ፣ ምርቱን ያሰላሉ፣ አገዳው ለከብት ይሆናል ወይ ይላሉ። ሴቶቹ ፍሬውን ከዘለላው ፈልፍለው መዳፋቸው ላይ ያሹታል፣ አንዷን በጥርሳቸው ይሰብሯታል። ከዚያ የሚጠይቁት ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ እንጀራው ለነገ ያድራል ወይስ ይደርቃል? ምርቱ የቱንም ያህል ቢያምር እንጀራው በማግስቱ የሚፈረካከስ ከሆነ ዘሩ ጎተራ ይቀራል፣ ማንም ደግሞ አይዘራውም። ስለዚህ አንቺ ያደረግሽው «ሴቶችን ማሳተፍ» የሚባለው የሪፖርት ጌጥ አይደለም። የሙከራውን ውጤት ነው የቀየርሽው። ሴቶቹ የመረጡት ዝርያ ከወንዶቹ ከተለየ ስሙንም ደረጃውንም ጻፊ። ካልተለየም ጻፊ፣ እሱም ውጤት ነው።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልምጣ፣ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነውና። እኔም ወድቄአለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ሳመለክት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። «አንቺው ጻፊና አምጪው፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። የሀገራችንን መሥሪያ ቤት ታውቂዋለሽ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ስለ ራሴ ጻፍኩ። ምን ብዬ? ታታሪ ናት፣ ታዛዥ ናት፣ ትሁት ናት፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ናት። ፈረሙልኝ፣ ማኅተምም መቱልኝ። አላለፍኩም። ከዓመታት በኋላ በሌላ ፕሮግራም ከመራጮቹ አንዷ ሆኜ ስቀመጥ ከፊቴ የተደረደሩትን የድጋፍ ደብዳቤዎች ሳነብ ያኔ የጻፍኩት እያንዳንዱ ቃል ተመልሶ ዓይኔ ላይ መጣ። ስለ ሴቶች የተጻፈው ሁሉ ታዛዥና ታታሪ ይላል። የሠራችው የት አለ? ያቺ ሴት ለቤት ሠራተኝነት ነው ወይስ ለምርምር መሪነት የታጨችው? ለአመራር ዕድል በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ «ታዛዥ» የሚል ቃል ካየሽ እባክሽን አውጪው፣ ፈራሚው ቢከፋቸውም።

ሁለተኛው ቃል «እኛ» ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። «እኔ ሠራሁ» ማለት አፋችን ላይ ይከብዳል፣ ጉራ ይመስለናል። ስለዚህ «በተሳትፏዊ የዝርያ መረጣ ሥራ ላይ ተሳትፈናል» ብለን እንጽፋለን። አንባቢው ናይሮቢ ይሁን ሌላ ቦታ ተቀምጦ «እሺ፣ አንቺስ ምን ሠራሽ?» ይላል፤ መልስ የለም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንቺ ግን እንዲህ በይ፦ «ለመረጣ ከተጠሩት 24 ገበሬዎች ሴቶች 2 ብቻ መሆናቸውን አየሁ። ለቡድን መሪዬ ሌላ ቀን እንዲመደብ ሐሳብ አቀረብኩ። ሴቶቹ ውኃ ቀድተው፣ ገበያ ደርሰው የሚመለሱበትን ሰዓት ጠይቄ መረጣውን በዚያ ሰዓት አደረግኩት። ይህን ያህል ሴቶች መጡ። ይህን መረጡ።» አራት አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቁጥሩን ራስሽ ሙዪው። ጉራ የለበትም። የሆነው ነው።

ይሄ ለማን ነው ላልሽው ደግሞ፦ በዚህ ዘርፍ ስሙ ቶሎ የሚነሳው አዋርድ ነው፣ የአፍሪካ ሴቶች በግብርና ምርምርና ልማት ማለት ነው። መቀመጫው ናይሮቢ ነው። መጀመሪያ ከ2005 ጀምሮ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ተሞከረ፤ በ2008 በሙሉ አቅሙ ሲጀመር ኢትዮጵያም ገባች። የሁለት ዓመት ፌሎሺፑ የተሠራው ሥራሽን ሳትለቂ እንድትማሪበት ነው። አንድ ልምድ ያለው ሜንተር፣ መካሪ ማለት ነው፣ ይመደብልሻል፤ ወንድም ሊሆን ይችላል። ከሜንተርሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ የት መድረስ እንደምትፈልጊ ታቅጃላችሁ። ሥልጠናው አለ፤ የሳይንስ ጽሑፍ፣ የፕሮጀክት ገንዘብ ማመልከቻ አዘገጃጀት፣ ድርድር፣ አመራር። ከዚያ የምወደው ነገር አለ፦ አንቺም በተራሽ አንዲት ወጣት ወስደሽ ታስተምሪያለሽ። ከላይ የሚስብሽ አለ፣ ከታች የምትስቢያት አለች። በዚህ ያለፉ ሴቶች ወደ ተማሩበት ትምህርት ቤት ወይም ወደ ቀበሌያቸው ተመልሰው ልጃገረዶችን ሰብስበው «ተመራማሪ ማለት እንዲህ ያለች ሴት ናት» ብለው ራሳቸውን ያሳያሉ። ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚመጣ ፈረንጅ ብቻ ያየች የ12 ዓመት ልጅ ምን እንደሚሰማት አስቢው።

ስለ ልጅሽ። ሥልጠናዎቹ ባብዛኛው የቀናት ወይም የሳምንት ናቸው፣ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት የምትጠፊ አይምሰልሽ። ሥልጠና ላይ ልጅ የሚያጠቡ እናቶች ተቀምጠው አይቻለሁ፣ ሕፃኑን የሚይዝላቸው ሰው ከጎን ክፍል ሆኖ። ሁሉም ፕሮግራም ይህን ይፈቅዳል አልልሽም፤ ጠይቂ፣ በጽሑፍ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ለባለቤትሽ «ልጅቷን ለማን ጥለሽ ነው?» ላለው መልሱ አጭር ነው፦ ለአባቷ። አንድ ሳምንት ነው፣ ወንድሜ፣ ትችላለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰገነት ቀለሙ ከፍኖተ ሰላም ነች፣ ገበሬ ቤት ያደገች። ከሀገር ወጥታ በዕፅዋት በሽታ ላይ እስከ ዶክትሬት ተማረች፣ ኮሎምቢያ በሚገኝ የምርምር ማዕከል ለዓመታት ሠራች፣ በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሳ ናይሮቢ ገባች። በ2013 ኢሲፔ የሚባለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል እንድትመራ ተሾመች፤ ማዕከሉን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። ይህን የማነሳው አንቺም እሷን ሁኚ ለማለት አይደለም። ከዲግሪ እስከዚያ ወንበር ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ መሐል ላይ ሰው ካልደገፈሽ ደግሞ ብዙ ጎበዝ ሴት እዚያው መሐል ላይ ነው የምትቀረው። ፌሎሺፕ የሚባለው ነገር የመጣው ለዚያ መሐል ነው።

ሌሎችም አሉ። በአፍሪካ ግብርና ላይ የሚሠራው አግራ የተባለ ድርጅት በ2021 ካላ የሚባል የአፍሪካ ግብርና መሪዎች ማዕከል ጀምሯል፤ ሥልጠናው 16 ወር የሚፈጅ ነው፣ ኢትዮጵያ ካሉበት ስምንት ሀገሮች አንዷ ናት፣ ለወንድም ለሴትም ነው። ዶክትሬት ከፈለግሽ ደግሞ ኦውስድን ፈልጊ፤ በ1987 የተመሠረተ፣ ጣሊያን ትሪየስተ ያለ የታዳጊ ሀገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ነው፣ በሌላ ታዳጊ ሀገር ዩኒቨርሲቲ እንድትማሪ የሚከፍል። ግን አስቀድመሽ አንድ ነገር አጣሪ። ከአዋርድ ለጋሾች አንዱ ዩኤስኤአይዲ፣ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ መሥሪያ ቤት፣ ነበር። ያ መሥሪያ ቤት በጁላይ 2025 ተዘግቷል። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወር የቆየ ማስታወቂያ አይተሽ ሦስት ሌሊት አትድከሚ። መጀመሪያ በድርጅቱ በራሱ ገጽ ላይ የዘንድሮ ጥሪ መኖሩን እይ።

«እንግሊዝኛ አልችልም፣ ግን 38 ሴቶች እመራለሁ»

*እኔ ከጉራጌ ነኝ። 46 ዓመቴ ነው፣ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። የቆጮና የቡላ ማኅበራችን 38 ሴቶች አሉት፣ ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ። ልጄ ናት ይሄን የምትጽፍልኝ። ለእኔስ የሚሆን ነገር አለ?*

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ከላይ የጻፍኳቸው አብዛኞቹ ዲግሪ ይጠይቃሉ፣ ቅጹም ሥልጠናውም በእንግሊዝኛ ነው። እርስዎን አይቀበሉም። ያናድደኛል። እግርዎን አንስተው የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ጣውላው ላይ አስደግፈው ሲፍቁ የሚውሉት እርስዎ ነዎት፣ ጉድጓዱ ውስጥ መቼ እንደሚበስል የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ «በምግብ ሥርዓት መሪ» የሚባለው ግን ስለ እርስዎ ወረቀት የጻፈው ሰው ነው።

ሆኖም ባዶ እጅ አልሸኝዎትም። ለነጋዴ ሴቶች ተብሎ የተሠራ አንድ አለ፤ ቫሊዩ ፎር ኸር ይባላል፣ አግራ ነው የሚያስተባብረው። በአፍሪካ በግብርና ንግድ ላይ ያሉ ሴቶችን ከገበያና እርስ በርስ የሚያገናኝ ነው፣ ከ2021 ጀምሮም በየዓመቱ ሽልማት ያወዳድራል። ዲግሪ ሳይሆን ንግድዎን ነው የሚያየው። ቅጹን ልጅዎ ትሙላልዎት፣ መልሱ ግን የእርስዎ ይሁን። ሒሳቡን ግን አስቀድመው ያሰናዱ፦ በዓመት ስንት ኩንታል፣ በስንት ሸጣችሁ፣ ለአባል ስንት ደረሰ፣ ስንቷ ሴት በስሟ የባንክ ደብተር ከፈተች። ይህ በደብተር ካልተያዘ ማንም አይረዳዎትም፣ ፌሎሺፕ ይቅርና የወረዳው ኅብረት ሥራ ቢሮም።

ሌላም ነገር አለ። ተመራማሪዎች ወደ እናንተ ይመጣሉ አይደል? ስለ እንሰቱ አጠውልግ በሽታ፣ ስለ መፋቂያ መሣሪያው ሊጠይቁ። በሚቀጥለው ሲመጡ «ያገኛችሁትን ተመልሳችሁ በቋንቋችን ትነግሩናላችሁ ወይ?» ብለው ቃል ያስገቧቸው። ከመካከላቸው ወጣት ሴት ካለች ስልኳን ይያዙ። እሷ የእርስዎን እውቀት ትፈልጋለች፣ እርስዎ የእሷን እንግሊዝኛ። ከዚህ የሚሻል ጥንድ አላውቅም።

«ለምን ለሴቶች ብቻ?»

*እኔና አንዲት ባልደረባዬ እኩል ተመርቀን እኩል ነው የምንሠራው። እሷ ታመለክታለች፣ እኔ አልችልም። ይሄ አድልዎ አይደለም?*

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ነውር የለውም። ቁጥሩን ግን እይ። በ2007 እና 2008 በ15 የአፍሪካ ሀገሮች በተደረገ ቆጠራ ከአራት የግብርና ተመራማሪዎች አንዷ ብቻ ነበረች ሴት። ወደ ኃላፊነት ወንበር ስትወጣ ደግሞ ከሰባት አንዷ። ኢትዮጵያ ከሁሉም ታች ነበረች፣ 6 በመቶ አካባቢ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ተንቀሳቅሷል፤ ግን የመሥሪያ ቤትህን የማኔጅመንት ስብሰባ ዓይንህ ላይ አምጣውና ቁጠር። ሻይ የምታቀርበውን አትቁጠር።

ደግሞ በርህ አልተዘጋም። ካላ ለሁለታችሁም ነው። አዋርድም በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ለሚሠሩ ወጣት ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ባቋቋመው ዋን ፕላኔት ፌሎሺፕ ወንዶችንም አስገብቷል። ሜንተርም መሆን ትችላለህ። ባልደረባህ ስታመለክት ግን አንድ ነገር አድርግላት፦ ማመልከቻዋን አንብብና «እኛ» ያለችበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አስምርበት። ማን ምን እንደሠራ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

«5,000 ብር ለማስኬጃ»

*በቴሌግራም ያገኘሁት ሰው ፌሎሺፑ እንደደረሰኝ ነግሮኝ ለቪዛ ማስኬጃ 5,000 ብር በቴሌብር እንድልክ ጠየቀኝ። ልላክ?*

ኧረ በፍጹም። ሳታመለክቺ የሚደርስ ፌሎሺፕ የለም። ደህና ፕሮግራም ለማመልከቻ አያስከፍልም፣ ይልቁንም የአውሮፕላንሽንና የማረፊያሽን እሱ ነው የሚችለው። በግል ስልክ ቁጥር ብር ተቀባይ ካየሽ ታሪኩ አልቋል። ቀድመሽ የላክሽ ከሆነ ደግሞ አፍረሽ አትቀመጪ፣ ደረሰኙን ይዘሽ ለፖሊስ አመልክቺ። ፓስፖርትሽን ፎቶ አንስተሽ ልከሽለትም ከሆነ እሱንም ንገሪያቸው።

«ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ ሰዓቱ»

*ጥያቄዬ ትንንሽ ነው። ዲግሪዬ ላይ ስሜ በአንድ ፊደል ከፓስፖርቴ ይለያል። የዕድሜ ገደቡ 35 ነው፣ እኔ በኛ አቆጣጠር በ1983 ነው የተወለድኩት። ማብቂያው ደግሞ 23፡59 ጂኤምቲ ይላል። ግራ ገባኝ።*

ትንንሽ የሚሉት እኮ ነው ሰውን የሚጥለው። አንድ በአንድ እንሂድ።

ስሙን በፓስፖርትሽ እንዳለ ጻፊው፣ ከዩኒቨርሲቲሽ ሬጅስትራር ደግሞ ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ አውጪ። ይህን ዛሬ ጀምሪ፣ ምክንያቱም «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባል ነገር አለ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲልሽ የአያትሽን አድርጊ፣ ከዚያ ወዲህ በሁሉም ቦታ አትቀያይሪው። አንዴ የአባት አንዴ የአያት ያደረገች ልጅ ሁለት ሰው ሆና ስትመዘገብ አይቻለሁ።

ዕድሜውን ሁሌም 8 ደምረሽ አትሂጂ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ የተወለደ ሰው የሚደምረው 7 ነው፣ ከጥር ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ድረስ ግን 8። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሆንሽ ቀኑን በካላንደር አመሳክሪው። ጥቅምት 1983 ከሆንሽ የፈረንጅሽ 1990 ነው፣ ግንቦት 1983 ከሆንሽ 1991። በገደቡ ጫፍ ላይ ላለ ሰው ይቺ አንድ ዓመት በሩን ትከፍታለች ወይም ትዘጋለች። በየትኛው ቀን 35 መሙላት እንደሌለብሽም አንብቢ፤ ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን የሚል አለ፣ ፕሮግራሙ በሚጀመርበት የሚልም አለ።

ሰዓቱ፣ 23፡59 ጂኤምቲ ማለት በኛ ለሌሊቱ 9 ሰዓት 1 ደቂቃ ሲቀረው ነው፣ በማግስቱ ሌሊት። ማስታወቂያው ማክሰኞ ካለ አንቺ እስከ ረቡዕ ንጋት ድረስ ያለሽ ይመስልሻል። ግን እንደሌለሽ ቁጠሪው። መብራቱ ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ፒዲኤፉ ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው ብሎ ይመልስብሻል፣ ማሳነሻውን ስትፈልጊ ደግሞ ገጹ ይዘጋል። እሑድ ላኪውና ተኚ።